መኪና ከሆነች ጋራዥ፣ ብረት ከሆነች መጋዘን

ቆራሌዎቹ ሚዛን ይዘው ነው የገቡት። ሦስት ሆነው፣ አንዱ ትከሻው ላይ ሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ ግቢያችንን እንደ ራሳቸው ቤት አቋርጠው ወደ ጋራዡ ሄዱ። እኔ ከሰባተኛ ሰፈር መመለሴ ነበር፤ የምገዛው ኖሮኝ ሳይሆን እንዲሁ ስዞር ውዬ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ስለሆነ የጎን ቆርቆሮውን ገንጥለው ገብተዋል። ስደርስ አንዱ ጎንበስ ብሎ የመኪናዬን ጎን በጣቱ ያንኳኳል፣ ዱባ እንደሚገዛ ሰው።

«ስስ ናት፤ ግማሿን ዝገት በልቷታል» አለ።

«ዝገቱንም ጨምራችሁ መዝኑት» አለ ዋርሳዬ።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ግቢው የሁለቱ ወንድማማቾች ነበር፤ እኛ በግራ፣ እነሱ በቀኝ፣ መሀል ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ መንገድ ዳር ደግሞ ያ የቆርቆሮ ጋራዥ። ባሌ በሕይወት ሳለ ዋርሳዬ «እትዬ፣ እርስዎ» ነበር የሚለኝ። የባሌ አርባ በወጣ ማግስት «አንቺ» አለኝ። አምልጦት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነው፤ አላመለጠውም።

መኪናዋ ሰይቼንቶ ናት። ዕድሜ የጠገባችሁ ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ቤንዚን የምትጠጣበት አፏ ከፊት ኮፈኗ ሥር ያለው ትንሽ ታክሲ። ባሌ ልጆቹን ያሳደገው በእሷ ነው። ዓይኑ ሲደክም አምጥቶ እዚያ ጋራዥ ከተታት፤ የእጅ ፍሬኗ አይይዝም ነበርና ከኋላ ጎማዋ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ ወሽቆ «በይ እረፊ» አላት። በዚያው ዓመት እሱም አረፈ።

እኔ መቀመጥ የሚባል ነገር አልታደልኩም። ጠዋት ከወጣሁ ምን አለሽ ተራ ደርሼ፣ በዱባይ ተራ ዞሬ፣ የማላውቀውን ሰው ቤት ለቅሶ ደርሼ ነው የምመለሰው። ልጆቼ «እማዬ መርካቶን በእግርሽ ትለኪያታለሽ» ይሉኛል። ቁጭ የምለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሰይቼንቶዋ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን። እዚያ ስገባ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ሐሳቤም አብሮ ይቀመጣል። ይህን ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አይቻልም። መርካቶ ውስጥ ባዶ መቀመጫ ማለት ያልተከራየ ሱቅ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ለበሽተኛ የሚደረገውን አልጎደልኩባትም፤ ዝናብ ሲያፈስ ላስቲክ አለበስኳት፣ አቧራዋን ጠረግኩ፣ በየጥምቀቱ ጸበሏን አልነፈግኳትም።

እና ቆራሌዎቹ ሰንሰለቱን ሲዘረጉ በሩን ከፍቼ ገባሁና ተቀመጥኩ።

«እኔንም ጨምራችሁ መዝኑ» አልኳቸው።

ሳቁ። ዋርሳዬ ግን አልሳቀም። የዱባይ ተራ ነጋዴ ነው፤ የጫማ ካርቶን ማስቀመጫ አጥቶ ዝናብ ያበሰበሰበት ነው፤ ያ ጋራዥ በሕልሙ ሳይቀር ይመጣበታል።

«ውረጂ! አሮጊት በኪሎ የሚገዛ የለም» አለኝ።

«አልወርድም።»

«ወንድሜን አንቺ ቀበርሽው፣ ቤቱን በሬሳ መኪና ዘጋሽው። እኔ የት ልሂድ?»

የእድራችን ዳኛ ተጠሩ። ሽማግሌው በእኛ ጠብ ከመሰልቸታቸው የተነሳ ወንበር እንኳ አልተቀበሉም። ቆመው ሰሙንና ቆመው ፈረዱ።

«ከእንቁጣጣሽ በፊት በገዛ ጉልበቷ ከውጭ በሩ ከወጣች መኪና ናት። መኪና ከሆነች ቤቱ ጋራዥ ነው፤ የእትዬ ነው። ካልወጣች ብረት ናት። ብረት ከሆነች ቤቱ መጋዘን ነው፤ ያንተ ነው፤ ቆራሌህን ጥራ።»

«መግፋት የለም» አለ ዋርሳዬ።

«መግፋት የለም፣ መጎተት የለም» አሉ ዳኛው፣ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ።

ሐምሌ ሊያልቅ ነበር።

መካኒክ ፍለጋ ወጣሁ። ወጣቶቹ መካኒኮች ገና ስሟን ስጠራ ይሳሳቃሉ። አንዱ «እማማ፣ እኛ የምንሠራው ኮምፒውተር የሚሰካበት ቀዳዳ ያላትን ነው» አለኝ። ሌላው «ለሙዚየም ይስጧት፣ ይሸልሙዎታል» አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስባረር፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ፣ የምድጃ ቀጥቃጮቹ መዶሻ ጆሮ የሚበጥስበት ቦታ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ አሳዩኝ። ቀኝ እጁ ላይ አንድ ጣት የለውም። ሣጥን ላይ ተቀምጦ የካርቡራተር ሆድ ዕቃ በጥርስ ብሩሽ ይፍቃል።

«ሰይቼንቶ አለችኝ፤ ሰባት ዓመት ቆማለች» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። «ማን ላከዎት?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«አይደለም። ጠላቴ ነው የላከዎት።»

በማግስቱ ግን መጣ፣ ዝናቡን እየረገመ። የኋላውን ክዳን ሲከፍት አይጦች በካርቶን ቁርጥራጭ ጎጆ ሠርተው፣ ወልደው ከብደው አገኛቸው። «ይሄ ሞተር ነው ቀበሌ? ስንት አባወራ ነው የሚኖረው?» አለና ዞሮ አፈጠጠብኝ። «እማማ፣ እንዲህ አድርጎ መኪና ማቆም ወንጀል ነው። ሰው ቢሆን ታስረው ነበር።»

አራቱን ካንዴላ ፈትቶ በየቀዳዳው ዘይት አንቆረቆረባቸው፣ ለጆሮ ሕመም ቅቤ እንደሚያንጠባጥብ ሰው። «ተጣብቋል። አምስት ቀን አይነካም። እርስዎም አይንኩት፣ በዓይንዎም ቢሆን» ብሎኝ ሄደ። እነዚያን አምስት ቀናት ዋርሳዬ ጠዋት ጠዋት በጋራዡ በር ሲያልፍ «ሬሳው እንዴት አደረ?» ይለኝ ነበር። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። መልሴ ከስድብ ይልቅ ያበሽቀው ነበር፤ ስለዚህ አንድም ቀን አላጓደልኩበትም።

በስድስተኛው ቀን መካኒኩ ረጅም ቁልፍ ገጥሞ ወደፊት ወደኋላ ሲያወዛውዘው ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። የታፈነ ሰው ጉሮሮ የመሰለ ድምፅ ሰጠ። እንባዬ መጣ።

«ምን ያስለቅሳል? አገላበጥናት እንጂ መች ተነሳች!» ብሎ ጮኸብኝ።

ከዚያ ወደ ቤንዚኑ ዞረ። ከፊት በኩል ሥሯ ተኝቶ የነዳጅ ቋቱን መክፈቻ ፈታና ጀሪካን ደገነበት። የወረደው ቤንዚን አልነበረም። ቀይ፣ ወፍራም፣ የክረምት ጎርፍ የመሰለ ነገር ነው። በጣቱ ነካ፣ አሸተተ።

«ውሃ» አለ።

«ጣሪያው ያፈሳል እኮ።»

«ኮፈኑ ዝግ፣ ክዳኑ ዝግ፤ ጣሪያ እዚህ ምን አገባው? ይሄ በሰው እጅ የገባ ነው። የአንድ ቀንም አይደለም፤ ዝገቱ ንብርብር ነው። የሆነ ሰው ጊዜ እየጠበቀ፣ እየመጣ አጠጥቷታል።»

ሰው ሲናደድ ጆሮው መርጦ ነው የሚሰማው። እኔ «በሰው እጅ» የሚለውን ሰምቼ ሌላውን ጣልኩት። እግሬ ለመዞር እንጂ ለሩጫ አልተፈጠረም፤ ያን ቀን ሮጠ። ዋርሳዬ ቧንቧው ጋ እጁን ይታጠባል።

«አንተ ቃየል! የወንድምህን መኪና ውሃ ታጠጣለህ?»

«ምን ውሃ?»

«ቋቷን ሞልተህ ገደልካት!»

«እኔ? የጋራዡ ቁልፍ ካንቺ አንገት ወርዶ ያውቃል?»

«ቆርቆሮ የሚገነጥል ሌባ ቁልፍ ምን ያደርግለታል!»

ይህን ያልኩት ግቢው ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ከውጭ ተሸካሚዎች ቆመው እያዩ ነው። ለነጋዴ ሌባ ማለት ሱቁ ላይ ክብሪት መጫር ነው። ፊቱ አመድ ሆነ። እኔ ግን አላበቃሁም። «ካልነካህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመህ ማል!» አልኩት።

መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። በሐሰት የማለ ዘሩ ይጠፋል ይባላል፤ በእውነት የማለም ቢሆን አይተርፍም። ደጅ ቆሞ ማለ ተብሎ ይወራበታል፣ ልጅ ሲድር ይነሳበታል። ዳኛው ሊያስጥሉን ሞከሩ፣ ዋርሳዬ ግን «እምላለሁ» አለ። «ከማልኩ በኋላ ግን ይቺ ሴትዮ በግቢዬ ድምፅዋ እንዳይሰማ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በካፊያ ቆምን። ነጭ ጋቢ ለብሶ መጥቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። እውነቱን ልጻፍ፤ ሲያልበው ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ያለኝን አፍ በደጀ ሰላሙ ፊት ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ ልቤም ጮማ እንደ በላ ሰው ጠገበ።

በጎን ጸበል የሚቀዱ ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት አባቷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ አገጫቸውን በግራ እጇ ይዛለች። በቀኝ እጇ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ታጠጣቸዋለች። «ትንሽ ጨምር አባዬ፣ ለሆድህ ነው» ትላለች።

ያ አያያዝ የእኔ ነው። ያ ቃልም የእኔ ነው።

በየጥምቀቱ ጠርሙሴን ሞልቼ እመለሳለሁ። ጋራዡን እከፍታለሁ፣ የፊት ኮፈኗን አነሳለሁ፣ ባሌ ቤንዚን ሲያጠጣት የሚፈታውን ክዳን እፈታለሁ። «ጠጪ የኔ እናት፣ ለሆድሽ ነው» እላታለሁ። የታመመ ጸበል ይጠጣል። እሷም ታማ ተኝታለች፤ አፏ ደግሞ እዚያ ነው። ሰባት ጥምቀት። በልቤ ውሃ ብዬው አላውቅምና መካኒኩ ውሃ ሲል ትዝ እንኳ አላለኝም።

ዋርሳዬ እጁን አነሳ። ዝም ብል እኮ ያልፍ ነበር። ይምላል፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይሆንም፤ ሰው ግን ይጠረጥረዋል፣ እኔም መኪናዬን ይዤ እኖራለሁ። አፌ ተጣብቆ ጥቂት ቆየ፤ ያቺን ጥቂት ጊዜ አምላክ ይቅር ይበለኝ።

«አይማል!» አልኩ።

«ምን ሆኑ እትዬ?» አሉ ዳኛው።

«እኔ ነኝ። ጸበል ነው። እኔ ነኝ ያጠጣኋት።»

ዋርሳዬ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። እጁን ቀስ ብሎ አወረደና ወደ ዳኛው ዞረ። «ሰምተዋል አይደል? ራሷ ገድላ እኔን ገዳይ አለችኝ» አለ። ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ በጭቃው ሄደ። እኔም «ይቅር በለኝ» ሳልለው በሌላ መንገድ ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ።

ለመካኒኩ ነገርኩት። ቁልፉን መሬት አስቀመጠ።

«ጸበል።»

«አዎ።»

«ለመኪና።»

«ታማ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ እስላም ነኝ፣ በጸበላችሁ አልገባም። ግን የኛም ዘምዘም ቢሆን ከቤንዚን ጋ አይስማማም» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲበቃው ዓይኑን ጠርጎ እንደገና ተቆጣ። «ቋቱ ሞቷል። ሌላ አይገኝም። ያን ጠርሙስዎን ያምጡ።»

የጸበሌን ጠርሙስ ክዳኑን በስቶ ቱቦ ከተተበትና ወደ ታች ዘቅዝቆ ከጣሪያዋ ዕቃ መጫኛ ላይ በኋላ በኩል አሰረው፤ ቱቦውን ወደ ካርቡራተሩ ለቀቀው። «ሰውም አልበላ ሲል ግሉኮስ ይሰቀልለታል» አለ። ቤንዚን በዕቃ አይሸጡም ስለተባለ ከአንድ ወዳጁ ታክሲ ሆድ በልመና የቀዳት ግማሽ ሊትር ብቻ ናት። ካርቡራተሩ ደግሞ ያንጠባጥባል፤ ከምታቃጥለው የምታፈሰው ይበልጣል። «ይቺ ከበር ለመውጣት ትበቃለች፣ ለጭቅጭቅ ግን አትበቃም። ከጠፋች ደግሞ ያ የተዋስኩት ባትሪ ሁለተኛ አያስነሳትም» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ጳጉሜ ገባች። ዳኛው በመጡበት ጠዋት የውጭ በሩ በካርቶን ግድግዳ ተዘግቶ አገኙት። ዋርሳዬ ሌሊቱን ሳይሆን በጠራራ ማለዳ፣ ሁላችን እያየን፣ የጫማ ጭነቱን እዚያ አራግፎታል።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ዳኛው።

«ዕቃ ገባልኝ። በራሷ ትውጣ ተባለ እንጂ መንገድ ይጠረግላት አልተባለም።»

መካኒኩ ያን ሰምቶ ተፋ። «ግቡ» አለኝ፤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ድንጋዩን ከጎማው ሥር አውጥቶ ወደ ግድግዳው ጥሎታል። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ተወ። አቃሰተ፣ ተወ። በሦስተኛው ከኋላዬ አንድ ነገር ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ከዚያ ወንበሩ ከሥሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን መንቀጥቀጥ ጀርባዬ አልረሳውም ነበር። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ የዋርሳዬ ሚስት «ልብሴን!» እያለች ወደ ገመዱ ሮጠች። ሰይቼንቶዋ እያነከሰች ከጋራዡ ወጣች፣ ግቢውን አቋረጠች፣ ካርቶኖቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዋርሳዬ ከፊቷ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«አንተ ሰውዬ ዞር በል! ቤንዚኑ እያለቀ ነው!» አለ መካኒኩ በመስኮት።

«ይለቅ።»

«ዕቃህን አንሳ እንጂ!» አሉ ዳኛው።

«የሌባ ዕቃ ማን ያነሳል? ሌባ ተብያለሁ እኮ! በአደባባይ! ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ አለ?»

አልሰሙማ፤ አላልኩም። በኋላ መስኮት ዞሬ ጠርሙሱን አየሁት፤ ከግማሽ ወርዷል። መካኒኩ በጥርሱ መሀል «እማማ፣ አንድ ነገር ያድርጉ» አለኝ።

ወረድኩ። ወደ ጋራዡ ተመልሼ ያን ጥቁር ድንጋይ አነሳሁ። ዘይት ጠጥቶ ከብዷል፣ ወይ እኔ አርጅቻለሁ። ማጅራቴ ላይ ጭኜ፣ በሁለት እጄ ደግፌ፣ በዚያ ጭስ መሀል ሄጄ እግሩ ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። እኔ ባደግኩበት ጎጃም የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ የተበደለው በእጁ ካላወረደለት አይነሳም። ግን የወንድም ሚስት፣ ያውም በዕድሜ የምትበልጥ፣ በታናሽ እግር ሥር ስትወድቅ ደግሞ የሚያፍረው ተቀባዩ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው የተንበረከክሁት። ከድንጋዩ ግማሹ ይቅርታ ነበር፣ ግማሹ ግን በእሱ ላይ የወረወርኩት ነው።

«በድዬሃለሁ። ሌባ አይደለህም» አልኩት፣ ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

«ተነሺ» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰው እያየ ነው።»

«አውርድልኝ።»

«ገደልሽኝ እኮ። ሰው ፊት ገደልሽኝ!»

«ወይ አውርድልኝ፣ ወይ እዚሁ እቆያለሁ።»

ከካርቶኖቹ ማዶ ተሸካሚዎች ተከማችተዋል። አንዱ «አውርድላቸው እንጂ፣ እናትህ ይሆናሉ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ከኋላዬ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሊጠፋ ብሎ ተመለሰ። የዋርሳዬ እጅ አንገቴ ላይ አረፈ። ድንጋዩ ቀለለ። አላቀፈኝም፣ አላነሳኝም፤ ድንጋዩን በክንዱ እንደያዘ የመጀመሪያውን ካርቶን በእግሩ ገፋው። የቀሩትን ተሸካሚዎቹ በአፍታ ጠረጓቸው።

መካኒኩ አልጠበቀኝም። እኔ ከጭቃው ገና አንድ ጉልበቴን ሳነሳ ሰይቼንቶዋ በአጠገቤ አለፈች፣ መቀመጫዬን ባዶውን ይዛ። ከበሩ ወጣች፣ አስፋልቱን ያዘች፣ ጋሪውን ሁሉ በትና ጥቂት ሄደችና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ጠርሙሱ ደርቋል። ከኋላዋ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀባት፣ ሹፌሩ የመካኒኩን እናት እየጠራ ይሳደባል፣ መካኒኩም ጣት የጎደለውን እጁን አውጥቶ ይመልስለታል።

ዳኛው ጃንጥላቸውን አጠፉ። «ወጥታለች» አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። መልሰው ሲያስገቧት መግፋት ተፈቅዶ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ገፏት። ዋርሳዬ አልገፋም።

ዘንድሮ ጥምቀት ከውጭ ብቻ ረጨኋት። ጋራዡ ጋራዥ ነው፣ እኔም ደክሞኝ ስመለስ ገብቼ እቀመጣለሁ። ዋርሳዬ አሁንም «አንቺ» ነው የሚለኝ፤ ያውም ከተናገረኝ። ያን ጥቁር ድንጋይ ግን አልመለሰውም። ያን ቀን በክንዱ እንደያዘ ሄዶ የራሱ ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጠው፤ እዚያው አለ። ጠዋት ሲወጣ ተራምዶት ያልፋል፣ አንዳንዴም ይሰናከልበታል። አያነሳውም። እኔም መልስልኝ አላልኩትም፤ ጎማዋን በጡብ ነው የማስይዛት።